ጣራ የሌለውን ገዳም አይቼልህ መጣሁ

መስፌ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሞልቶ ሦስተኛውን ይዘናል። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ወሬ አጥቼ እንዳይመስልህ። ታውቀኛለህ፣ እኔ ወሬ አጥቼ አላውቅም። ዋናው ነገር ሳይለይለት ምን ብዬ ልጻፍልህ ብዬ ነው የዘገየሁት። አሁን ለይቶለታልና ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ቤቱ ደህና ነው። ሰው ሁሉ ይሄን የሚያህል ቤት ብቻሽን ምን ያደርግልሻል ቢለኝም ጆሮ አልሰጠሁም፤ አሁንም ፒከሪንግተን እዚያው ቤታችን ነኝ። መሰላሎችህ ጋራዡ ውስጥ እንደሰቀልካቸው ናቸው። ሣሩን የጎን ጎረቤታችን ያጭድልኛል፣ እግዜር ይስጠው፣ ግን እንዳንተ ጥጋጥጉን አያጠራውም። ልጃችን ሶስና ትምህርቷን ጨርሳ ጥሩ ሥራ ይዛለች። ክሊንተንቪል ውስጥ የአንድ አሮጌ ቤት ፎቅ ተከራይታ ነው የምትኖረው። ጣራው ያፈስሳል። ዕድሜህን ሙሉ ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የተማሪ ኪራይ ቤት ጣራ ስትጠግን ኖረህ፣ ልጅህ ከመኝታዋ አጠገብ ባልዲ አስቀምጣ ታድራለች። ሳቅ እንግዲህ።

ካላንደርህም አሁንም ኩሽናው ግድግዳ ላይ ነው። ያቺ የበረንዳዋን ጣራ የሠራህላት፣ አያቶቿ ከአየርላንድ የመጡ አሮጊት ለገና የሰጠችህ ካላንደር። በየወሩ አንድ የፈረሰ ገዳም ፎቶ አለው፤ ጣራ የለው፣ በር የለው፣ ለምለም መስክ መሐል ብቻውን የቆመ፣ ዙሪያውን ላሞች የሚግጡበት። ዓመቱ ካለፈ በኋላ እንኳ ወር በገባ ቁጥር ገጹን ትገልጥ ነበር። ቀኖቹ እኮ አይገጥሙም ስልህ፣ እኔ ቀን አልቆጥርበትም ብለህ ዝም አሰኘኸኝ። ቁርስህን እየበላህ ፎቶውን ታይና፣ ይሄን ቤት ሜንቴናንስ የሚያደርግለት ሰው ጠፋ እንዴ ትላለህ። ቀልድህ መሰለኝ እንጂ ከልብህ ገብቶ እንደነበር ያወቅሁት ትኬት ቆርጠህ ስትመጣ ነው። ለሁለታችን፣ ለዚያ ለተረገመ ጸደይ።

ከዚያ ዓለሙ በኮሮና ተዘጋ። ጉዞው ተሰረዘ። አንተም ግንቦት ላይ አንድ ጠዋት ጫማህን እያሰርክ ልብህ ቆመ።

ስለ ቀብርህ እስከ ዛሬ ለማንም በቅጡ አላወራሁም። ጥቂት ሰው ብቻ ነበር የተፈቀደው። ቄሱ አፋቸውን ሸፍነው፣ ራቅ ብለው ቆመው ነው ፍትሐትህን ያደረሱት። ለቅሶ ሊደርስ የመጣው ሰው ድራይቭዌያችን ላይ መኪናውን ያቆማል፣ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ሳይወርድ አልቅሶ ይሄዳል፤ ሌላው ይተካል። ምግቡን በር ላይ አስቀምጠው፣ ደወል ደውለው ይሸሻሉ። እኔና ሶስና በሳሎኑ መስኮት የሰው ለቅሶ እናያለን። ከሶስና በቀር አንድም ሰው አላቀፈኝም፣ መስፌ። አብሮኝ የሚጮህ ሳጣ እንባዬም እንደ ተዘጋ ቀረ።

ያኔ አስከሬን ወደ አገር ቤት የሚወስድ በረራ አልተገኘም። ታላቅ ወንድምህ ጋሼ ተፈራ ከደብረ ብርሃን በስልክ ሆነው፣ እንግዲያ ለጊዜው እዚያው ይረፍ፣ መንገዱ ሲከፈት አፅሙን አፍልሰን ከአባታችን ጎን እናሳርፈዋለን አሉ። እሺ አልኩ። ያን ቀን ምን ቢሉኝ እሺ እል ነበር። ስለዚህ ኮሎምበስ ውስጥ ለጥ ባለ ሣር ላይ ቀበርንህ፣ ድንጋይም አላቆምንልህም። ለጊዜው ላረፈ ሰው ማን ሐውልት ያቆማል? የቀብር አስፈጻሚዎቹ የሰኳት ትንሽ የብረት ስም ብቻ ነበረችህ፤ ሣር አጫጁ በመኪናው እየገጨ አጣመማት።

ባለፈው ፋሲካ ጋሼ ተፈራ እንኳን አደረሰሽ ሊሉኝ ደወሉ። ሰላምታው ገና ሳያልቅ ድምፃቸው ተለወጠ።

«ጽጌ፣ መንገዱ ተከፍቷል። ወንድሜን አምጪልኝ።»

ከካህናቱ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ቦታው ተጠርጎ ተዘጋጅቷል። እሳቸውም እያረጁ ነው፤ ደጁን ልሳለም በሄድኩ ቁጥር ከጎኑ ቁጭ ብዬ ላወራው ነው ያሰብኩት አሉኝ። ምን ይባላል? በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉህ ወንድምህ ናቸው፤ አንተን ከእኔ በፊት ያወቁ፣ ከእኔ በፊት የወደዱ። እውነት አላቸው። እሺ ልል አፌን ስከፍት ግን ሆዴ እምቢ አለ። ደግሞ በአንተ ተናደድኩ። ስለ ሁሉ ነገር ስትቀልድ፣ ስትናገር ኖረህ፣ የት ልቀበር ብለህ አንድ ቀን ትንፍሽ አላልክም። ከአየርላንድ ስመለስ እነግርዎታለሁ ብዬ ጊዜ ገዛሁ።

አየርላንድ ያልኩት ሶስና ገፋፍታኝ ነው። ዳድ ሊያየው የነበረውን እኛ እንየውለት ብላ ትኬቱን ራሷ ቆረጠች። እኔ እንደሆንኩ በዚያን ሰሞን የሚያስጨንቀኝን ነገር ትቼ መሸሻ ያገኘሁ መስሎኝ ነው ሻንጣዬን ያዘጋጀሁት። በሐምሌ ሄድን። ካላንደርህን ከግድግዳው አውርጄ በነጠላዬ ጠቅልዬ ይዤው ነበር፤ ከጀርባው የቦታዎቹ ስም ተጽፏል።

መኪና በግራ የሚነዳበት አገር ነው። ሶስና ነዳች፣ እኔ ጸለይኩ። ወደ ምዕራብ ስትወጣ መንገዱ ይጠብባል፤ ግራና ቀኙ የድንጋይ ካብ ነው፣ መስኩ ሁሉ በካብ ተከፋፍሏል። ሲዘንብ ያባራል፣ ሲያባራ ይዘንባል። ፎቶው ላይ የማይታየውን ልንገርህ። እዚያ ገዳም ለመድረስ የሰው እርሻ አቋርጠህ ነው የምትሄደው። ትኬት ቆራጭ የለ፣ ዘበኛ የለ። አንድ የብረት በር ታገኛለህ፣ በሩ ላይ መልሰህ ዝጋ የሚል ተጽፏል፣ ከብቶቹ እንዳይወጡ። በር ከሌለ ካቡ ላይ ለመረገጫ የተሰኩ ድንጋዮች አሉ፤ በእነሱ ትወጣና በዚያ ማዶ ትወርዳለህ። ከዚያ እበቱን እየዘለልክ፣ ታጭዶ በጥቁር ፕላስቲክ በተጠቀለለው ድርቆሽ መሐል እያለፍክ ትሄዳለህ።

በመጀመሪያው መስክ ወይፈኖች ተሰብስበው ተከተሉን። ክፋት የላቸውም፣ ሰው ለማየት ነው። ፍሪዌይ ላይ ከጭነት መኪና ጋር የምትጋፋው ልጅህ ካብ ላይ ወጥታ አልወርድም አለች። ነጠላዬን አውለብልቤ መለስኳቸውና፣ እናትሽ የከተማ ሴት መስላሽ ነበር አይደል አልኳት።

የመጀመሪያው ገዳም ውስጥ ስንገባ መቅደሱ ይሆናል ባልኩት በኩል በግ ተኝቶ ያመሰኳል። መስኮቱ ቅርጹ ብቻ ቀርቶ ሰማይ ይታይበታል። ጣራ የለም ማለት ፎቶ ላይ ሌላ ነው፤ ስትቆምበት ዝናቡ ራስህ ላይ ነው። ግንቡን ተሳለምኩ። ካቶሊክ ይሁን የማን አልጠየቅሁም። አንተ ኮሎምበስ ሃይ ስትሪት ላይ ስትነዳ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ መሪውን በአንድ እጅህ ይዘህ ታማትብ ነበር፤ የማን እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ እያልኩ ስስቅብህ ኖሬያለሁ። አሁን ተራው የእኔ ሆነና ሶስና ሳቀችብኝ። በማግስቱ ሌላ አየን፣ ከዚያም ሌላ። ሁሉም ያምራሉ፤ ሁሉም ዘንድ ግን ሆዴ ውስጥ ያለው የጋሼ ተፈራ ድምፅ አብሮኝ ይዞራል።

የካላንደሩ የጥቅምት ገጽ ላይ ያለው፣ አንተ ከሁሉ የምትወደው፣ ያ ረጅም ግንብ ያለው ገዳም ተራው መጨረሻ ላይ ደረሰ። ከሩቅ ሳየው አወቅሁት። ዘመድ ቤት የመጣሁ ያህል ተሰማኝ። በዚህኛውስ እንደ ደንቡ ልግባለት አልኩና ነጠላዬን አጣፍቼ ለበስኩ፣ ደጃፉ ላይ ጫማዬን አወለቅሁ። ሶስና ማሚ ኖ፣ አታውልቂ እያለች ነው። ቤተ ክርስቲያን በጫማ አይገባም ብያት እግሬን አሳረፍኩ።

ሳማ ነበር። ሣር መስሎኝ በሁለት እግሬ የቆምኩት ለምለም ሳማ ላይ ነበር። የተቀደሰ ቦታ ነው ብዬ ልችለው ሞከርኩ፣ ግን የምን መቻል፤ ጩኸቴን ከማዶ ያሉት ላሞች ሳይቀሩ ቀና ብለው ሰሙት። ሶስና በሳቅና በድንጋጤ መሐል ሆና ስትጎትተኝ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በመስኩ አቋርጦ መጣ። እስከ ጉልበቱ የጎማ ቦቲ አድርጓል፣ የመሬቱ ባለቤት ነው። ምንም ሳይጠይቅ ከካቡ ሥር ቱልት የሚመስል ሰፊ ቅጠል ቆረጠ፣ በመዳፉ አሸውና እግርሽን እሺበት ብሎ ሰጠኝ። ሳማና መድኃኒቱ እዚያም ጎን ለጎን ነው የሚበቅሉት።

ካሸሁት በኋላ ለምን እንዳወለቅሁ ጠየቀኝ። አነጋገሩ እንግሊዝኛ አልመስል ብሎኝ ሶስና ደገመችልኝ። እኛ ዘንድ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ተወልቆ ነው የሚገባው አልኩት። ቦቲውን አየ፣ እበት ነው ሁለመናው። ቆቡን አውልቆ በእጁ ያዘ፣ ከዚያ ሳማ በሌለበት በኩል አዙሮ አስገባን።

መስፌ፣ እዚያ ውስጥ ሰው ይቀበራል። ከስንት መቶ ዓመት በፊት የፈረሰ፣ ጣራ የሌለው፣ ቅዳሴ የሌለው ቤት ውስጥ፣ ያረጀ ድንጋይ ባለበት መሐል አዲስ መቃብር አየሁ። አበባው ገና አልጠወለገም። የሚስቱ ነበር። በዚያው አንተ በሞትክበት ጸደይ ነው የሞተችው። እነሱም ጋ ሰው አልተፈቀደም፤ የመንደሩ ሰው በየካቡ ሥር በመንገዱ ዳር ቆሞ ሬሳዋ ሲያልፍ በዓይኑ ብቻ ሸኛት። ይሄን ሲነግረኝ የእኛ ድራይቭዌይ ትዝ አለኝ።

ድንጋዩ ላይ ከስሟ ቀጥሎ የወንድ ስም አለ፤ የልደቱ ዓመት፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ባዶ። የማን ነው ስለው፣ የእኔ ነው አለኝ። በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ሰው በቁሙ እንዴት ስሙን መቃብር ላይ ያስጽፋል? ልጆቼ ወዲያና ወዲህ አገር ናቸው፣ የት እናድርገው ብለው እንዳይጨቃጨቁ ነው አለና ፈገግ አለ። ታዲያ መንደሩ ውስጥ ደህና ቤተ ክርስቲያን እያለ፣ ጣራ ያለው፣ ለምን እዚህ ቀበርካት አልኩት። እንዲህ ያለ ጥያቄ የማያውቁት ሰው አይጠየቅም፤ ግን እሱን ብቻ አልነበረም የጠየቅሁት።

«ከከብቶቼ ስመለስ በዚህ ነው የማልፈው» አለኝ።

ቆቡን ደፍቶ ወደ ሥራው ሄደ።

ግንቡ ላይ ቁጭ አልኩ። ሶስና ከጎኔ መጣች፣ ጫማዬን ይዛልኝ። ስለ ጋሼ ተፈራ ስልክ እስከዚያች ሰዓት አልነገርኳትም ነበር። ነገርኳት። ያስቆጣታል ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም። ሣሩን መንጨት ጀመረች።

«ማሚ፣ እኔ እኮ ሐሙስ ሐሙስ ላንቼን ከዳድ ጋር ነው የምበላው» አለችኝ።

ከሥራዋ በመኪና ትመጣለች፣ ሣሩ ላይ ትቀመጣለች፣ ሳንድዊቿን ትበላለች፣ ትመለሳለች። ሥራ ከያዘች ጊዜ ጀምሮ። እኔ በሰንበት፣ እሷ በሐሙስ፣ አንድ ቀን ሳንገናኝ። ምን ትይዋለሽ አልኳት። ኤቭሪቲንግ አለች። በእንግሊዝኛ ነው የማወራው፣ በጣም ፈጥኜ። አንተ ታስታውሳለህ፣ እንግሊዝኛዋ ሲፈጥንብህ ስሎው ዳውን አድርጊ እንጂ ልጄ ትላት ነበር፤ እሷም ይሰለቻትና ትተወው ነበር።

«አሁን ስሎው ዳውን አድርጊ አይለኝም» አለችና ፊቷን ጉልበቷ ውስጥ ቀበረች።

ልጅህን ያኔ ነው ያቀፍኳት። በቀብርህም አቅፌያታለሁ፣ ግን ያኔ ሁለታችንም እንጨት ነበርን።

እንደተመለስን ለጋሼ ተፈራ ደወልኩ። ምክንያት አላበዛሁም። ሶስና ሐሙስ ሐሙስ ምሳዋን ከአባቷ ጋር እንደምትበላ ነገርኳቸው። አገር ቤት ከሄደ እሷ በየስንት ዓመት ታየዋለች፣ ቋንቋውንም ፈርታ መቃብሩ ላይ አፏን አትከፍትም አልኳቸው። ጋሼ፣ እርስዎ ወንድምዎን ሙሉ ሰው አድርገው ሸኝተውታል፤ እሷ ገና አባቷን አውርታ አልጨረሰችም፣ ይተዉላት አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። ደህና ሁኚ ብለው ዘጉት።

ለብዙ ቀን አልደወሉም። እኔም መደወል ፈራሁ። ወንድማማች ለየሁ፣ የሽማግሌ ልብ ሰበርኩ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ቅዳሴ ቆሜ እንኳ አሳቤ እሳቸው ዘንድ ነበር። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ስልኩ ጮኸ። እንዴት አደርሽ እንኳ አላሉኝም።

«የተኛበት ቦታ ዛፍ አለው?»

ይሄን ጥያቄ አልጠበቅሁም። እሱ ያለበት ሜዳ ሣር ነው፣ ግን ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ትልቅ ሜፕል የሚባል ዛፍ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ጥላው ይደርሰዋል አልኳቸው። ይሁን እንግዲያ፣ ይረፍ አሉ። እዚህም ስሙን አስጠርቼ ዝክሩን አወጣለሁ አሉ። ከዚያ አለቀሱ። እኔም የመኪናዬን ቁልፍ እንደያዝኩ ኩሽናው ወለል ላይ ተቀምጬ ጮኬ አለቀስኩ። እሳቸው በዚያ፣ እኔ በዚህ፣ ለቅሶህን አብረን ተቀመጥን። ሥራ ቀረሁ።

ድንጋይህ ባለፈው ሳምንት ቆመ። ስምህ በአማርኛ ነው፤ ከሥሩ ሶስና በእንግሊዝኛም ይሁን አለች፣ ሆነ። ቀጥሎ የእኔ ስም አለ፤ የተወለድኩበት ዓመት፣ ሰረዝ፣ ከዚያ ባዶ። የማኅበራችን ሴቶች ሲያዩት ሟርት ነው፣ አንቺ ሴትዮ ምን ነካሽ ብለው አማተቡ። አልፈረድኩባቸውም፣ እኔም አማትቤ ነበር። ሶስና መጀመሪያ ዘገነናት፣ ከዚያ በእጇ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ከቦርሳዋ ሳንድዊች አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝ። ሐሙስ ነበር።

እንግዲህ ደብዳቤ ሲያልቅ መቼም አልረሳህም ይባላል። እኔ ይሄን ቃል በቀላሉ ልሰጥህ አልደፍርም። እናቴን አስታውሳት። በመጨረሻው ፊቷ ቁጭ ብዬ እያጎረስኳት፣ ልጄ የማን ልጅ ነሽ ትለኝ ነበር፤ አንተ ኮሪደር ወስደህ ታባብለኝ ነበር። ያ ነገር በዘር ይሄዳል ይላሉ። ስለዚህ የምችለውን ልንገርህ። ልቤ እስካለ ድረስ በየሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ፣ በየዓመቱ ስምህን አስጠራለሁ፣ ሶስና ለምትወልዳቸውም ማን እንደነበርክ እስኪሰለቻቸው አወራቸዋለሁ። አንድ ቀን አንተንም፣ ራሴንም ብረሳ አትቀየመኝ። ስሜ ከጎንህ ተጽፏል፤ የሚያመጡኝ ሰዎች ቦታዬን ያውቁታል።

ያንተው ጽጌ